የቅዳሜው ፊልም

ሰላም ለሁላችሁ፣

ቅዳሜ የምናየው እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣውን የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የኤልቪስ ፕሪስሊን የመጀመሪያ ፊልም፣ «ላቭ ሚ ቴንደር»ን ነው። የኤልቪስ ስም ከተዋናዮቹ በሦስተኛ ተራ ነው የተጻፈው። የፊልሙ ርዕስ መጀመሪያ ሌላ ነበር፤ በፊልሙ የሚዘፍነው ዘፈን ገበያውን ሲያጥለቀልቀው በዘፈኑ ስም ቀየሩት። ታሪኩ የሚጀምረው በ1865 ቢሆንም ልጁ ዳሌውን እያወዛወዘ ይዘፍናል (እንዳትስቁ!)። ትወናው ለእኔ ገና ጥሬ ነው።

ውዝዋዜው የመጣው ከመድረክ ነው። ሐምሌ 1954 ሜምፊስ፣ ኦቨርተን ፓርክ ውስጥ፣ የ19 ዓመቱ ልጅ በፍርሃትም በሙዚቃውም እግሩ ሲንቀጠቀጥ ሰፊው ሱሪው አብሮ ይርገበገባል፤ ልጃገረዶቹ ጩኸቱን አቀለጡት። እሱ የሳቁበት መስሎት ነበር። በ1957 መጀመሪያ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ውዝዋዜው እንዳይታይ ካሜራው ከወገቡ በላይ ብቻ አሳየው።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ አሳውቁን፤ ወንበር እንድናዘጋጅ።