ለሰርግ ሦስት፣ ለቀብር ሦስት፣ ለልጅም ሦስት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሴት ልጄ የተወለደችው ግንቦት 15 ቀን ዓርብ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ላይ ነው። ሰዓቱን ያወቅሁት ከካርዷ ላይ አንብቤ ነው። በዚያን ሰዓት እኔ እዚህ ድሬዳዋ በሚገኝ አንድ የጤና ተቋም ኮሪደር ላይ ነበርኩ፤ በአንድ እጄ የባለቤቴን ነጠላና ጫማ፣ በሌላው የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ይዤ ከማዋለጃው ክፍል በር ፊት ቆሜያለሁ። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቴን አሰግጋለሁ። ጥበቃው "ወንድሜ፣ ከዚህ በኋላ ለወንድ አይፈቀድም" ይለኛል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እግሬ ሲዝል ወንበሩን የለቀቀልኝ እሱ ነው።

ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ አምጣ በመጨረሻ በቀዶ ሕክምና ተገላገለች። "ማርያም ማረቻት!" ብላ ያበሰረችኝ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ናት። ወንድ ይሁን ሴት፣ ሁለቱም ደህና ይሁኑ አይሁኑ ልጠይቅ ብል አፌ አልታዘዝ አለኝ። ገባትና "ሴት ናት፤ ድምፅዋን አልሰማህም እንዴ?" አለችኝ። አልሰማሁም ነበር።

ብዕር ያነሣሁት ከዚያ ምሽት በኋላ ስለመጡት ሦስት ቀናት ነው። በአንድ የግል ድርጅት መጋዘን ውስጥ ገቢና ወጪ ዕቃ መዝጋቢ ነኝ። ሕጉ ለአባት የሚሰጠው ከሙሉ ደመወዝ ጋር ሦስት ተከታታይ ቀን ነው፤ አሠሪዬም ከዚያ አላጎደለብኝም። ቅዳሜ አንድ፣ እሁድ ሁለት፣ ሰኞ ሦስት ተብሎ ተቆጠረ። "ተከታታይ" ስለሚል፣ ድሮም የዕረፍት ቀኔ የነበረው እሁድ ከመካከል ገባ። በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት ደግሞ በማግሥቱ ተነሥታ ወደ ቤቷ አትሄድም። ስለዚህ ሦስቱም ቀን እዚያው ኮሪደር ላይ አለቁ። ቅዳሜን የታዘዘ መድኃኒት ፍለጋ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ስዞር ዋልኩ። እሁድ በፔርሙስ አጥሚት ይዤ ከገንደ ቆሬ በባጃጅ አምስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሰኞ በመጠየቂያ ሰዓት ባለቤቴን ደግፌ ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ አራመድኳት። ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሥራ ገበታዬ ላይ ተገኘሁ። እነሱ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ቤት ገቡ።

ልጄ ቤቷ ስትገባ የተባለውን እልልታ የሰማሁት በስልክ ነው። ከሐረር ደንገጎን ወርደው የመጡት አማቴ እንደ ወጉ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ብለው አቆሙ። የግቢያችን ታላቅ፣ ሁላችንም "አዴ" የምንላት ሙስሊም ጎረቤታችን ግን ቀጠለች። (የድሬዳዋ ሰው ታላቁንም "አንቺ" እያለ ነው የሚያቀርበው፤ የሌላ አገር አንባቢ ቅር እንዳይለው።) አማቴ "ለሴት ሦስት ነው እኮ!" ቢሏት "እንግዲህ ከጀመርኩት ሰባት ይሙላ" ብላ ሞላችው። እኔ በስሚንቶ ከረጢቶች መካከል ቆሜ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ነበር። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ፊርማዬን እየጠበቀ ስለነበር ዘጋሁት።

ማታ ቤቴ ስደርስ ቅቤውም ዕጣኑም አንድ ላይ ሸተተኝ። አዴ ለአራሷ ብላ ያመጣችው የግመል ወተት በር አጠገብ ተቀምጧል። የግንቦት ሙቀት ግድግዳው ውስጥ ስለገባ ክፍሉ እንደ ምጣድ ይጋረፋል። አማቴ ልጅቱን ታቅፈው፣ በሻይ ማንኪያ ውኃ እየጨለፉ አፏን ያርሳሉ። ደነገጥኩ። ሰኞ ማታ ነርሷ "እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፤ ውኃም ቢሆን እንዳትሰጧት" ብላ ስታስጠነቅቅ ባለቤቴ በማስታገሻው እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ የሰማሁት እኔ ነኝ።

"እማማ፣ ውኃ አይሰጣት ተብለናል" አልኳቸው።

"ልጄ፣ እኔ ስድስት አሳድጌያለሁ። ይህ ሐረር አይደለም፣ እሳት ነው። ከንፈሯ ሲደርቅ ዝም ብዬ ልይ?"

በእሳቸው አልፈርድም። ሐረር ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ቀዝቃዛ ከተማ ናት፤ በዚያ አየር ልጅ ያሳደገች እናት ድሬዳዋ በግንቦት ብትደነግጥ እውነት አላት። በማግሥቱ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መጥታ አስረዳቻቸው። የእናት ወተት አብዛኛው ክፍሉ ውኃ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ከጠባች በዚህም ሙቀት ይበቃታል። ትንሿን ሆድ ውኃ ከሞላው ጡቱን ትተዋለች፣ ውኃው ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ተቅማጥ ይከተላል። አማቴ እስከ መጨረሻው ሰምተው ማንኪያውን በገዛ እጃቸው አነሡት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ ምንም አልሆነችም። ነገር ግን ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ስንት ማንኪያ እንደወሰደች እስከ ዛሬ አላውቅም። ምክሩን በጆሮው የሰማው ብቸኛ ሰው መጋዘን ነበር።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ቀፊራ ገበያ አጠገብ በተከራየቻት ጠባብ ክፍል በአንድ መኪና ትሠራለች። ሕጉ ተቀጥራ ለምትሠራ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ለራሷ የምትሠራን ሴት ግን ይህ አይመለከታትም፤ የክፍሉ ኪራይም አራስ ናት ብሎ አይቆምላትም። እንግዲህ ለእኛ ቤት በሕግ የተፈቀደው ጊዜ ሁሉ ተደምሮ የእኔው ሦስት ቀን ነው፣ እሁዱን ጨምሮ።

አዋጁን ፈልጌ አነበብኩት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 81። ሠራተኛ ሲያገባ ሦስት የሥራ ቀን። የትዳር ጓደኛው ወይም ዘመዱ ሲሞትበት ሦስት የሥራ ቀን። ልጅ ሲወለድለት ሦስት ተከታታይ ቀን። ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት። ሰርግ በሦስት ቀን ያልቃል፤ መልሱም ተበልቶ ዳሱ ይፈርሳል። ለቅሶም ቢሆን፣ ኀዘኑ ልብ ውስጥ ቢቀርም፣ ድንኳኑ በሦስተኛው ቀን ይነሣል። የተወለደ ልጅ በሦስተኛው ቀን ምኑ ያልቃል? የልጄ እትብት እንኳ የወደቀው በዘጠነኛው ቀን ነው። እሱንም ከሥራ ስመጣ በጨርቅ ተጠቅልሎ አሳዩኝ።

ያለውን መካድ አልፈልግም። ከዚህ በፊት በነበረው የ1996 ዓ.ም. አዋጅ ለአባት ተብሎ የተለየ ቀን ፈጽሞ አልነበረም፤ ሦስቱም ቀን የተገኘው በ2011 ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛ 10 የሥራ ቀን ፈቅዶ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ልጅና የመጋዘን መዝጋቢ ልጅ በሌሊት የሚያለቅሱት እኩል ነው። ምኞቴ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የግል ድርጅት ሠራተኛም 10 የሥራ ቀን ያግኝ። ሁለተኛ፣ እናት በቀዶ ሕክምና ስትወልድ የአባት ቀን መቆጠር የሚጀምረው እናትና ልጅ ቤት ከገቡበት ዕለት ይሁን። አዋጁ ዝቅተኛውን ነው የሚወስነው፤ አሠሪ ከዚያ በላይ ልስጥ ቢል የሚከለክለው የለም። እኔ ከዓመት ፈቃዴ አምስት ቀን ጠይቄ ያገኘሁት ልጄ አሥራ ሁለት ቀን ከሞላት በኋላ ነው።

ስለ አባቴም ልናገር። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። በ1984 ዓ.ም. እኔ ስወለድ ወደ ጅቡቲ በሚወርድ የጭነት ባቡር ላይ ነበር። አይሻ ጣቢያ ሲደርሱ በጣቢያው ስልክ "ወንድ ነው" ተባለለት፤ ባቡሩ ግን መንገዱን ቀጠለ። ጅቡቲ ደርሰው ጭነት እስኪራገፍ፣ እስኪጫን፣ እስኪመለሱ ስምንት ቀን ሆነ። እናቴ ነፍሷን ይማረውና ይህን ታሪክ በየቡናው ታወራው ነበር። ጎረቤት ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ዘንድሮ ግን አልሳቅሁም። እትብቱን ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር አብረን ስንቀብር ጠየቅሁት።

"አባዬ፣ ያኔ ምን ተሰማህ?"

ጭቃውን ከእጁ እያራገፈ ትንሽ ዝም አለ። "ወንድ ልጅ አራስ ቤት ምን ይሠራል ይባል ነበር፤ እኔም አምኜው ነበር" አለኝ። ቀጥሎም "ጅቡቲ ላይ ሸሚዝ ገዛሁልህ። ቤት ሳመጣው የሁለት ዓመት ልጅ ልብስ ሆኖ ተገኘ። መጠንህን አላውቅማ" አለ።

ሸሚዙን አውቀዋለሁ። ሰማያዊ ነው፣ በደረቱ ላይ መልሕቅ አለበት፤ እሱን ለብሼ የተነሣሁት ፎቶግራፍ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያየሁትን ልብስ ታሪኩን የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

አሁን አባቴ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ከከዚራ በእግሩ ይመጣል። እጁን ታጥቦ ልጅቱን ጉልበቱ ላይ ያጋድማትና ከተረከዟ እስከ አናቷ በስንዝሩ ይለካታል። መጀመሪያ ቀን ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት ነበረች። ባለፈው እሁድ ሁለት ስንዝር ተኩል ሞላች፤ እሱም ለአዴም፣ ለአማቴም፣ ከውጭ ለሚያልፈው ባለጋሪም ነገረ።

ወደ በሩ ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ ምጥ የያዛት ሴት ራሷ የመረጠችው ሰው አጠገቧ እንዲሆን ይመክራል። ባለቤቴ ምርጫዋ እኔ ነበርኩ። ጥበቃው ለምን እንዳላስገባኝ ግን ይገባኛል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ አልጋዎች ተደርድረዋል፣ በየአልጋው የሰው ሚስት፣ የሰው እህት አለች። የእኔ መግባት ለባለቤቴ እፎይታ ሲሆን ለሌላዋ ሐፍረት ሊሆን ነው። ይህን የሚፈታው በየአልጋው ዙሪያ የሚሳብ መጋረጃ ነው። ጨርቅ ቀፊራ ላይ ሞልቷል። ባለቤቴን ጠይቄያት "ጨርቁን ያምጡ እንጂ የስፌቱን አልጠይቅም" ብላለች። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ጉዳዩ የሚመለከተው አካል በዝግጅት ክፍሉ በኩል ቢጠይቀን መኪናዋ ዝግጁ ናት።

ሰኔ 27 ቀን የስድስት ሳምንት ክትባቷ ነበር። ባለቤቴ ቁስሏ ገና ስላልጠናላት እኔ ይዣት ሄድኩ። ሰልፉ ላይ የነበሩት ሁሉም እናቶች ናቸው። ገና ከመቀመጤ አንዲት ሴት ተነሥታ "ወንድሜ፣ አንተ ቅደም" አለችኝ፤ ሌላዋም መንገድ ለቀቀችልኝ። ምክንያቱ የገባኝ ሦስተኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እናቷ... በወሊድ ነው?" ብላ ስትጠይቀኝ ነው። እናቷ የሞተችባት ልጅ የያዝኩ መስሏቸው ነበር። "ኧረ እናቷ ደህና ናት፣ ቤት ናት" ስል ሴቶቹ በአንድ ላይ "ተመስገን!" አሉ። ነርሷም ካርዱን ስትሞላ "እናትየዋስ?" ብላ በሥጋት ነው ቀና ያለችው። ልጄ በሁለቱም ጭኖቿ ተወጋች፣ ጠብታውንም ዋጠች፤ አለቀሰች፣ ደረቴ ላይ ተኛች። በባጃጅ ስንመለስ ያ የሴትዮዋ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣም። አባት ልጁን ታቅፎ ሲታይ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ሞትን ከሆነ፣ ብዙዎቻችን ከዚያ ቦታ ለረጅም ጊዜ ጠፍተናል ማለት ነው።

ክርስትናዋ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው፤ አማቴ የተሳሉትን የቁልቢ ስለት ደግሞ ለታኅሣሥ 19 ይዘነዋል። ከዚያ በፊት፣ የፊታችን ዓርብ ሐምሌ 25 ቀን፣ የአሥር ሳምንት ክትባቷ አለ። ከዓመት ፈቃዴ ግማሽ ቀን አስቆርጫለሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ እዚያ ነኝ። በድሬዳዋ ያለ ሌላ አባት ልጁን ይዞ ከመጣ አጠገቤ ቦታ እይዝለታለሁ።

ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተሰጥቷል
ገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ