መጋረጃውን ከመሻገርሽ በፊት

ልጄ፣

መልእክትሽ ደርሶኛል። አየር መንገዱ «ጨምረሽ ወደ ቢዝነስ ክላስ እለፊ» ብሎ የጨረታ ግብዣ ልኮልሻል። አንቺም ልጫረት ወይስ ይቅርብኝ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። በረራው አምስት ሰዓት ነው፣ የሚነሳው ማታ ነው፣ ጠዋት እንደደረስሽ ደግሞ ስብሰባ አለሽ። እናትሽ «ይገባታል፣ ትቀመጥበት» ብላለች። እኔ ግን ታውቂኝ የለ፣ መጀመሪያ የምጠይቅሽ አለ፦ አውሮፕላኑ ምን ዓይነት ነው?

«ቢዝነስ ክላስ» የሚለው ስም ብቻውን ስለ ወንበሩ ምንም አይነግርሽም። በረራው አሥራ ሁለት ሰዓት ቢሆን ብዙ አላስጨንቅሽም ነበር። በዚያ ርቀት አብዛኛው አየር መንገድ የሚያስተኛ ወንበር አለው። አንድ ሰዓት ቢሆንም ነገሩ ቀላል ነው፤ ገንዘብሽን ያዢ እልሽ ነበር። የሚያስቸግረው መሐሉ ነው፣ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ያለው። ለዚህ ርቀት ትንሹም ትልቁም አውሮፕላን ይሆናል። ስለዚህ በአንዱ መስመር፣ በዚያው ዋጋ፣ ማክሰኞ አልጋ ሐሙስ ደግሞ ሰፋ ያለ ወንበር ሊያጋጥምሽ ይችላል።

እንደ ቦይንግ 737 እና ኤርባስ ኤ320 ያሉት መተላለፊያቸው አንድ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ላይ ቢዝነሱ ከፊት ሁለት በዚህ፣ ሁለት በዚያ ሆኖ ይደረደራል። ወንበሩ ሰፊ ነው፣ ወደ ኋላ ደህና አድርጎ ዘንበል ይላል፣ እግር ማሳረፊያም አለው። አልጋ ግን አይደለም። በኢኮኖሚ፣ ማለትም በተራው ክፍል፣ ከአንዱ ወንበር እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ ከ71 እስከ 81 ሴንቲ ሜትር ነው። እዚህ ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል። ለቀን ጉዞ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ለሌሊት ግን ጀርባሽ ተንጋሎ አንገትሽ ተሰቅሎ ነው የሚነጋው።

አውሮፓ ውስጥ በአጭርና በመካከለኛ በረራ የሚሸጠው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ብዙዎቹ አየር መንገዶች ያንኑ የኢኮኖሚ ወንበር ነው የሚሰጡሽ። ከሦስቱ የመሐሉን ባዶ ይተዉታል፣ ከኋላ መጋረጃ ይጋርዳሉ፣ በቃ። መጋረጃውም እንደተሸጠው ቲኬት ብዛት ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይገፋል። ምግቡና ላውንጁ (ከበረራ በፊት የሚታረፍበት የአየር ማረፊያው ክፍል) አለ፣ ክርንሽን የሚገፋ ሰውም የለም። ጉልበትሽ ግን ያው በነበረበት ነው።

ሁለት መተላለፊያ ያላቸው ትልልቆቹ፣ እንደ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ያሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ ወንበር አላቸው። እዚያም ቢሆን አደራደሩን እዪ። አንድ፣ ሁለት፣ አንድ ከሆነ ሁሉም ሰው በቀጥታ ወደ መተላለፊያው ይወጣል። ሁለት ሁለት እየሆኑ ከተደረደሩና አንቺ በመስኮት በኩል ከሆንሽ፣ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ የተኛ ሰው እግር ተራምደሽ ማለፍ አለብሽ። በጨለማ፣ በካልሲ፣ የማታውቂውን ሰው እግር!

ይህን ሁሉ ከቤትሽ ሳትወጪ ማወቅ ትችያለሽ። የቲኬትሽ ዝርዝር ላይ የአውሮፕላኑ ስም ወይም ባለ ሦስት ቁጥር ወይም ፊደል ኮድ አለ። 738 ወይም 320 ካለ ትንሹ ነው። 788፣ 789 ወይም 359 ካለ ትልቁ ነው። ከዚያ የመቀመጫ ካርታውን ክፈቺና ከፊት ያሉትን ወንበሮች ቁጠሪ። ግን አንድ ነገር ያዢልኝ፦ አውሮፕላን በመጨረሻው ሰዓት ሊቀየር ይችላል። የገዛሽው ክፍሉን ነው እንጂ ያንን ወንበር አይደለም። አልጋ ጠብቀሽ ተራ ወንበር ቢመጣ ብዙ ጊዜ የሚካስሽ የለም።

አሁን ወደ እንቅልፉ። አምስት ሰዓት ማለት አምስት ሰዓት መተኛት አይደለም። አውሮፕላኑ ተነስቶ እስኪደላደል ግማሽ ሰዓት ገደማ ይሄዳል። እራት ቀርቦ እስኪነሳ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ለማረፍ ሲቃረብ ደግሞ መብራት ይበራል፣ ወንበሩን አቅኚ ትባያለሽ። ሁሉንም ከጠበቅሽ ሁለት ሰዓት ተኩል ብትተኚ ነው። ስለዚህ እራትሽን ላውንጁ ውስጥ ብዪ። ያ ክፍል የተሠራው ለዚሁ ነው። ስትገቢ ለአስተናጋጇ «እራት አልፈልግም፣ ለቁርስም እንዳትቀሰቅሽኝ» በያት። ቅር አይላትም። የደህንነት ቀበቶሽን ከብርድ ልብሱ በላይ እሰሪው፣ አውሮፕላኑ ሲናጥ መታሰሩን ለማየት ብለው አይቀሰቅሱሽም።

እራቱ አያምርም ማለቴ አይደለም። ሳህኑ ሸክላ ነው፣ ጨርቅ ይነጠፋል። ግን ሰማይ ላይ ምላስም አፍንጫም ይሰንፋሉ። አየሩ ደረቅ ነው፣ ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ጫጫታውም ይጨመርበታል። ጨውና ስኳር መሬት ላይ እንደሚሰሙሽ አይሰሙሽም። ለዚህ ነው ምድር ላይ የማይነኩት የቲማቲም ጭማቂ እዚያ የሚጥማቸው ሰዎች ያሉት። እንግዲህ በምግቡ ብለሽ ከሆነ የምትከፍይው፣ ይቅርብሽ።

አየሩም ቢሆን ከመጋረጃው ወዲህና ወዲያ ያው ነው። በብዙ አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለ ቦታ ላይ እንዳለሽ ያህል ነው። በ787 እና በኤ350 ግን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይያዛል። እኔ ያረጀ ቢዝነስ ክላስ ላይ ከምቀመጥ አዲሱ አውሮፕላን ላይ ኢኮኖሚ ብቀመጥ የምመርጥበት ጊዜ አለ፤ ይህን ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፣ ትስቅብኛለች። ውኃ ደጋግመሽ ጠጪ። ገና ሳትነሱ የሚቀርበውን ወይን እንኳ ብትፈልጊ አንዷን ብርጭቆ፣ ከዚያ በላይ ግን ለጠዋቱ ስብሰባ አይሆንም።

እዚያ ስትገቢ እንዳትሸማቀቂ። ያ ክፍል ለልዩ ሰዎች ተብሎ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ርካሽ ቲኬት ሲበዛ፣ ሙሉ ዋጋ የከፈለው የሥራ ተጓዥ በቅናሽ ከገባው ሰው ጋር እኩል መቀመጡ አስከፋው። በ1978 የአሜሪካው ፓን አም እና የእንግሊዙ ብሪቲሽ ኤርዌይስ የተባሉት አየር መንገዶች ለብቻው ቦታ ለዩለት። በ1979 የአውስትራሊያው ካንታስ «ቢዝነስ ክላስ» ብሎ አወጣው። ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋው አልጋ የመጣው እንኳ በ2000 ነው፣ ብሪቲሽ ኤርዌይስ ላይ። እንግዲህ ቅሬታ የወለደው ክፍል ነው። ወንበሩ እንዴት እንደሚዘረጋ ካልገባሽ ጠይቂ። ትኩስ ፎጣ ሲሰጡሽ እጅሽን ጥረጊበትና መልሺ። ከኋላ የሚያልፉት ተሳፋሪዎች ዓይን ዓይንሽን ቢያዩሽ ደግሞ ፈገግ በይላቸው እንጂ ስልክሽ ውስጥ አትደበቂ።

ስለ ጨረታው። ገንዘብ ከማስገባትሽ በፊት ደንቡን እስከ ታች አንብቢ። ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብዙውን ጊዜ መመለስ የለም። ዋጋው ለአንድ በረራ ብቻ ነው፤ ቀጣይ በረራ ካለሽ እሱ እዚያው ኢኮኖሚ ሊቀር ይችላል። ማይሉም (በበረርሽ ቁጥር የሚጠራቀምልሽ ነጥብ) ብዙ ጊዜ የሚታሰብልሽ በመጀመሪያው ቲኬትሽ ነው። ሻንጣውን ለይተሽ ጠይቂ። ብዙ አየር መንገዶች ለኢኮኖሚ 23፣ ለቢዝነስ 32 ኪሎ ይፈቅዳሉ፣ በጨረታ ላለፈ ሰው ግን ደንቡ ከአንዱ ወደ አንዱ ይለያያል። ከ32 በላይ የሆነ ነጠላ ሻንጣ እንደሆነ ስንት ብትከፍይ አብዛኞቹ አይቀበሉሽም፤ የሚያነሳው ሰው ወገብ አለው።

ሌላም አለ። ከፍለሽ ሳለ ቦታ ጠፋ ብለው ወደ ኋላ ቢያወርዱሽ ዝም ብለሽ አትቀመጪ። በረራው ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሳ ከሆነ እ.ኤ.አ. የ2004ቱ የኅብረቱ ደንብ ቁጥር 261 ይመለከትሻል። እንደ ርቀቱ ከቲኬቱ ዋጋ 30፣ 50 ወይም 75 በመቶ ይመልሱልሻል። እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ከሆነ 30 ነው። የአንቺን ዓይነት የአምስት ሰዓት በረራ ግን ከ3,500 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ካለፈና መድረሻው ከኅብረቱ ውጭ ከሆነ 75 ነው። የመጀመሪያውን ቦርዲንግ ፓስ ፎቶ አንሺው፣ የተሰጠሽን አዲሱንም አትጣይው።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይኸው። ለመሄጃው፣ አልጋ ያለው አውሮፕላን ከሆነ ተጫረቺ፤ ከዝቅተኛው ትንሽ ከፍ አድርጊና ተዪው፣ እልህ ውስጥ አትግቢ። ዘንበል ብቻ የሚል ወንበር ከሆነ ይቅር፣ በዚያ ገንዘብ ከስብሰባው በፊት ገላሽን ታጥበሽ የምታርፊበት ክፍል ያዢ። መመለሻው የቀን ነው፤ ለእሱ አሥር ሳንቲም እንዳትጨምሪ። መውጫ በር አጠገብ ያለውን የኢኮኖሚ ወንበር ውሰጂ፣ እግር ለመዘርጋት ያ ይበቃል።

ኮዱን ዛሬ ማታ ላኪልኝ። ካርታውን አብረን እናየዋለን።

አባትሽ