ጣና የግል ምሥጢር የለውም
ለአንድ የባሕር ዳር መሥሪያ ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ ኃላፊ፣

የመሥሪያ ቤትዎን ስም አልጠራም። እርስዎ ያውቁታል። ጸሐፊዎም ታውቀዋለች። የጥበቃው ሰውዬማ በሩቅ ሲያየኝ «ዛሬም መጣህ ወንድሜ?» እያለ ፍተሻውን ትቶልኛል። አራት ደብዳቤ አስገብቻለሁ። አራቱም የገቢ ቁጥር አላቸው፤ አራቱም ላይ የእናንተው ማኅተም አለ። የመጀመሪያው ከገባ 14 ወር ሆኖታል። መልስ ያገኘ አንድም የለም። አምስተኛውን እንግዲህ በአደባባይ ልጽፈው ነው። ይቺኛዋ የገቢ ቁጥር አያስፈልጋትም።

ጉዳዩን ረስተውት ከሆነ ላስታውስዎ። እኔ ከባሕር ዳር ዙሪያ፣ ከጣና ዳር፣ የአንድ የገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። አባሎቻችን የሚያርሱት ባሕር ሸሽ መሬት ነው። መስከረም ላይ ሐይቁ ይሞላል። ከዚያ ቀስ እያለ ይሸሻል። እኛም እግር በእግር እየተከተልን ሽምብራና ጓያ እንዘራለን። ከቸኮልክ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ይበሰብሳል። ከዘገየህ እርጥበቱ ያመልጥሃል። በመሐል ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ የዓመት እንጀራችን ያለው እሷ ላይ ነው።

ድሮ አያቶቻችን በዓላትን ቆጥረው ይዘሩ ነበር፤ ያዋጣቸውም ነበር። አሁን ግን ሐይቁን የሚያዘው ዝናብ ብቻ አይደለም። በ1988 ዓ.ም. አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ላይ መውጫው በር ተገጠመለት። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ የመብራት ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ውኃው በዋሻ አልፎ ወደ በለስ ወንዝ ይሄዳል። መብራቱ ለአገር ነው፤ ቅሬታ የለኝም። ግን በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሰው ጠረጴዛ ላይ የሐይቁ ከፍታ በቁጥር አለ። ማሳው ላይ ውኃ የሚሄድበትና የሚመጣበት ገበሬ ግን ዛሬም የሚያየው ሰማይ ሰማይ ነው።

የጠየቅናችሁም ይኸንኑ ቁጥር ነው። የእኛ ዳር የውኃ ከፍታ ንባብ፣ የ30 ዓመት፣ ያውም ከመስከረም እስከ ጥር ያለው ብቻ። አንድ ፍላሽ ሩቡን አይሞላም።

ልመና እንዳይመስልብዎት። ስምምነት አለ። ሲፈረም እዚያው ነበርኩ። ሐይቁ ፊት ለፊት ባለ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ እርስዎና የጎረቤት መሥሪያ ቤት ኃላፊ የመግባቢያ ሰነድ ስትፈራረሙ፣ እኛ ከየቀበሌው ተጠርተን «ተጠቃሚ ኅብረተሰብ» በሚል ወንበር ላይ ተደርድረን ነበር። ባነሩ ከመድረኩ ይረዝማል። እስክሪብቶ ተለዋወጣችሁ፣ ሰነዱን ከፍታችሁ ለካሜራ አሳያችሁ፣ ተጨበጨበ፣ ምሳ ተበላ። የዓሣ ጉላሹ ጥሩ ነበር። ለእሱ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

የሰነዱ ቅጂ እጄ ላይ አለ። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ዳታ ያለ ክፍያ ይለዋወጣሉ ይላል። ማኅበራት በጎረቤታችሁ በኩል ሲጠይቁ በ15 ቀን ውስጥ ያገኛሉ ይላል። ጀልባና የመስክ ዕቃም በጋራ ነው ይላል። እኛ እንደተባለው በእነሱ በኩል ጠየቅን። እነሱም ጻፉላችሁ። ከዚያ ወዲህ ያለውን እርስዎ ሳይሰሙት አይቀርም። መጀመሪያ ፎካል ፐርሰኑ፣ ጉዳዩን የሚከታተለው ሰው ማለት ነው፣ ተዛውሯል ተባለ። ቀጥሎ ባለሙያው ሥልጠና ላይ ነው። ቀጥሎ ሲስተም የለም። ቀጥሎ የክፍያ ተመን እየተጠና ነው፤ ያለ ክፍያ ብላችሁ በፈረማችሁበት ጉዳይ ማለት ነው። የመጨረሻዋ ግን ትለያለች። አንድ ባለሙያችሁ ፊቱ ላይ ፈገግታ እንኳ ሳይታይ «አዲስ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፤ እንደ ድሮው ዝም ብለን ዳታ አንሰጥም» አለኝ።

አዋጁን ፈልጌ አነበብኩት። ቁጥር 1321/2016። የሚያወራው ስለ ሰው መረጃ ነው። ጣና ሰው አይደለም። የጣት አሻራ የለውም፣ ስልክ ቁጥር የለውም፣ የሚደበቅ ገመና የለውም። እምቦጭ ሲወረው እኮ በመላ አገሪቱ ቴሌቪዥን ታይቷል! ሌላኛውን አዋጅ፣ 590/2000ን፣ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል ብዬ አስባለሁ። መረጃ ለጠየቀ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጠዋል የሚለውን። ከከለከላችሁም ምክንያቱን በጽሑፍ ነው። እኔ «አይሰጥም» የሚል ወረቀት ቢሰጠኝ እንኳ ይዤ የምሄድበት አላጣም ነበር። እናንተ ግን አትሰጡም፣ አትከለክሉም። «ነገ ና» ደግሞ ይግባኝ የለውም።

ሌላም የሚያውቁት ነገር አለ። አገራችን የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትን በ2005 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስምምነቱ ከጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። አንቀጽ 7 አገሮቹ ዳታና መረጃ በየጊዜው እንዲለዋወጡ ይላል። ከኡጋንዳ፣ ከሩዋንዳ፣ ከታንዛኒያ፣ ከቡሩንዲና ከደቡብ ሱዳን ጋር ማለት ነው። ከኪጋሊ ጋር ልንለዋወጥ ፈርመናል። በእናንተና በጎረቤታችሁ መሐል ያለው ግን አንድ አስፋልት ነው። እዚሁ ከተማ አባይ ላይ 380 ሜትር ድልድይ ተዘርግቷል፤ ያቺን አስፋልት የሚያሻግር ግን ጠፋ።

ስለ ጀልባው አላስረዝምም። በስምምነቱ ጀልባው የእናንተ ነው፣ ሞተሩ የእነሱ። ነዳጁን ማን ይቻል የሚል አንቀጽ የለውም። ስለዚህ ጀልባው ሸራ ለብሶ ዳር ላይ ተኝቷል። ባለፈው ሳልፍ ዶሮ ታቅፋበት አየሁ። እስከማውቀው ድረስ ስምምነቱን ሥራ ላይ ያዋለች እሷ ብቻ ናት።

ይኸን ሁሉ እችለው ነበር። የቢሮ ነገር ነው፣ ለምደነዋል። ያቃጠለኝ ሌላ ነው።

ባለፈው ጥር አንድ ፕሮጀክት ያዘጋጀው ዐውደ ጥናት ላይ ተጠራሁ። አሁንም «ተጠቃሚ ኅብረተሰብ» ሆኜ። ከአዲስ አበባ የመጣ አማካሪ ግድግዳው ላይ ግራፍ አበራ። የእኛ ዳር የውኃ ከፍታ ነው። ሰማያዊ መስመር፣ ዓመት በዓመት ከፍ ዝቅ የሚል። ከሥሩ የመሥሪያ ቤትዎ ስም ተጽፏል። ሻይ ላይ ጠጋ ብዬ «ይኸን ከየት አገኘኸው?» አልኩት። «ጠዋት ጠየቅኳቸው፣ ከሰዓት በፍላሽ ሰጡኝ» አለ። ልጁን አልቀየምኩትም። ጨዋ ነው፣ ኩኪስም ጋብዞኛል። እኔ 14 ወር የተመላለስኩበትን እሱ በግማሽ ቀን መያዙን ግን እንዴት እንደምውጠው እስካሁን አላወቅኩም።

ታሪኩ እዚህ አላለቀም። መስመሩ መሐል ላይ አንዲት ቀጥ ያለች ሹል አለች። ሐይቁ ለአንድ ምሽት አንድ ሜትር ሙሉ ከፍ ብሎ በማግስቱ ጠዋት ወርዷል። አማካሪው በሌዘር ጠቆም አደረጋትና «እዚህ ጋ መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል» አለ።

መሣሪያው እኔ ነኝ።

አባቴ የዚያ ዳር የውኃ ከፍታ አንባቢ ነበር፤ 26 ዓመት። ጠዋት 12 ሰዓት አንዴ፣ ማታ 12 ሰዓት አንዴ፣ ውኃው ውስጥ የተተከለውን ባለ ቁጥር ሰሌዳ አይቶ ይመዘግባል። የሚጽፈው በእርሳስ ነው። እስክሪብቶ ውኃ ከነካው ይፈሳል ይል ነበር። የፋሲካ ዕለት ያነባል። ልቅሶ ውሎ ያነባል። እኔ የተወለድኩ ቀን ማታም አንብቧል፤ እናቴ ይኸን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ጭራሽ ወርዶ መርከቦቹ የቆሙ ጊዜ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ እየገባ ነበር የሚያነበው። የሚከፈለው አበል የምትረባ በግ አይገዛም።

ታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ላይ ወባ ጣለችው። እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። «ሂድ ልጄ፣ አንብበህ ና። ማዕበል ካለ ሦስቴ እያት፣ መሐለኛዋን ጻፍ» አለኝ። ሄድኩ። ነፋስ ነበር፣ ዓይን መያዝ ጀምሯል፣ ያን ሰሞን ደግሞ ጉማሬ ወጣ ተብሎ ሁላችንም ፈርተናል። ሦስቴ አላየሁም። አንዴ አየሁና 3.84 ብዬ ጽፌ ሮጥኩ። ውኃው 2.84 ላይ ነበር። አባዬ በማግስቱ ደብተሩን እንዳየ ገባው። አልገረፈኝም። ቁጥሩንም አልፋቀውም፤ የተጻፈ አይፋቅም የሚል ደንብ ነበራቸው። ከጎኑ በደቃቅ ፊደል «ልጅ አንብቦት ነው፣ 2.84» ብሎ ጻፈበት።

የእናንተ ኮምፒዩተር ቁጥሯን ገልብጧል። ማስታወሻዋን ትቷታል። ይኸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የእኔ ፍርሃት በየጥናቱ የጣና ጎርፍ ሆኖ ይዞራል። ዳታውን ለዳሩ ሰው ብታሳዩት ኖሮ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነበር። ሌላ ስንት ሹል እንዳለበት ማን ያውቃል? እናንተ ጋ ያሉት ቁጥሩን ያያሉ። የትኛው ቀን ማን እንደታመመ፣ ሰሌዳውን የትኛው ክረምት ግንድ ገጭቶ እንዳጣመመው የሚያውቁት ግን እኛ ጋ ነው ያሉት። እኔ ስምምነት ሲባል የገባኝ ይኸ ነበር።

አባዬ ቅጂውን ቤት ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ጣሪያው አፈሰሰበት፣ የቀረውን ምስጥ ጨረሰው። አሁን ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። ማታ ማታ «ሰጡህ?» ይለኛል። «እየተጻጻፍን ነው» እለዋለሁ። አንድ ቀን ዝም ብሎ ቆየና «የኔን ጽሕፈት ከኔ ልጅ የሚደብቁት ምን ሊያደርጉት ነው?» አለኝ። መልስ አላገኘሁለትም። እርስዎ ካለዎት ይንገሩትና ልገላገል።

የምንፈልገውን ያውቁታል፣ አልደግመውም። ፍላሹን እኔ አመጣለሁ። ባለሙያው ሥልጠና ላይ ከሆነ ሥልጠናው ድረስ እሄዳለሁ።

ዳታውን ባትሰጡንም ግን አንዲት ነገር አድርጉልኝ። የታኅሣሥ 19 ቀን 1991 ዓ.ም. የማታ ንባብ ላይ ሂዱ። 3.84 ይላል። አትፋቁት። ከጎኑ ጻፉበት፦ ልጅ አንብቦት ነው፣ 2.84።

ከሰላምታ ጋር፣
የአንባቢው ልጅ