የሳህኑ ጀርባም ይነበብ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ ስለ ጎጃም ነባር ቤተሰቦች ቅርስ ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ ጀርባው ላይ «ሜድ ኢን ኢንግላንድ» የሚል የታተመበት ሰማያዊ ሳህን በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን የመጣ ነው መባሉን አነበብሁ። የቤተሰቡን ቃል ማቃለሌ አይደለም፤ ሆኖም ማኅተሙ ከዚህ ጋር አይስማማም። አሜሪካ በ1890 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጣችው የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት ስላስገደደ፣ የእንግሊዝ ሸክላ ሠሪዎች «ኢንግላንድ» የሚለውን ቃል በብዛት ማተም የያዙት ከ1891 ወዲህ ነው። «ሜድ ኢን» ተጨምሮበት በሰፊው የሚገኘው ደግሞ በሃያኛው መቶ ዓመት ዕቃ ላይ ነው። ንጉሡ ያረፉት በ1901 መጀመሪያ ስለሆነ፣ ሳህኑ ከልጃቸው ከራስ ኃይሉ ዘመን ነው ቢባል ይሻላል።

ጽሑፉ የዘመኑን ማስረጃ ከሥዕሉም ለማውጣት ሞክሯል። ዛፍ፣ ድልድይ ላይ ያሉ ሦስት ሰዎችና ሁለት ወፎች ያሉበት ይህ ሥዕል በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የቻይናን ዕቃ በመምሰል እዚያው እንግሊዝ አገር የተነደፈ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ እጅግ ብዙ ፋብሪካዎች ስለቀዱት ለብቻው ሠሪውንም ዘመኑንም አይለይም። (እኛስ ስኒ የምንለው በዐረብኛ «የቻይና» ማለት አይደል?)

የአያቴን ሳህን እንደ ምሳሌ ላቅርብ። ጠርዙን በጣት ሲከተሉት አንድ ቦታ ላይ የጌጡ ሐረግ ተቆርጦ ከቀጣዩ ጋር አይገጥምም፤ ከመዳብ ሰሌዳ በስስ ወረቀት የተገለበጠ ሥዕል በመሆኑ የወረቀቱ ጫፎች የተገናኙበት ቦታ ነው። ከጀርባው በማዕዘኑ የቆመ አራት ማዕዘን ታትሟል፤ አናቱ ላይ ያለው የሮማውያን አራት ቁጥር የሸክላ ምድብ መሆኑን ያመለክታል። ይህ የእንግሊዝ የንድፍ ምዝገባ ምልክት ያገለገለው ከ1842 እስከ 1883 ሲሆን፣ የምዝገባውን ዓመት የሚያመለክተው ፊደል እስከ 1867 ከላይኛው፣ ከ1868 ጀምሮ ከቀኙ ማዕዘን ይገኛል። የአያቴ ሳህን ላይ ፊደሉ በስተቀኝ ነው። ነገር ግን ምልክቱ የሚያሳየው ቀን ንድፉ የተመዘገበበት እንጂ ሳህኑ ከእሳት የወጣበት አይደለም፤ ስለዚህ «ከዚያ በፊት አልተሠራም» ከማለት አልፎ መናገር አይቻልም።

በስም መሳሳትም ቀላል ነው። ጆሳያ ዌጅውድ በ1759 በስታፎርድሻየር የመሠረተው ፋብሪካ ማኅተም ስሙ ብቻ ሆኖ ሸክላው ላይ ተጠቅጥቆ ይገኛል፤ «ዌጅውድ እና ኩባንያ» የሚለው ወይም በስሙ መካከል «ኢ» የተባለችው የላቲን ፊደል የገባችበት ግን የሌሎች ሠሪዎች ነው። ሻጭ ይህን አይነግርም።

እኔም ከጥፋት ነጻ አይደለሁም። በልጅነቴ ለበዓል ዕቃ እጠብ ብባል፣ በአንዲት ስኒ ግርጌ በወርቅማ ቀለም በእጅ የተጻፈችውን የንድፍ ቁጥር በአመድ ፈትጌ ግማሿን አጥፍቻታለሁ፤ ዛሬ የቀሩት ሁለት አኃዞች ለምንም አይበቁም። ስለዚህ ባለ ሳህኖቹ ጀርባውን በለብ ያለ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ እንዲያጸዱ፣ ጋዜጣችሁም ከፊት ለፊቱ ፎቶግራፍ ጎን የጀርባውን እንዲያትም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ
ከደብረ ማርቆስ