የሚኒ ሚዲያ ክበብ ዘገባ፦ ሎይስ ሌን በእረፍት ሰዓት

ዘንድሮ ሚኒ ሚዲያችን ድራማ ሠራ። የቀድሞ ሥራችንን ታውቁታላችሁ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና፣ አባባል፣ እንቆቅልሽ፣ ከዚያ የጠፋ ጃኬት ማስታወቂያ። ኅዳር ላይ ግን ልጆቹ «በእረፍት ሰዓት የጀግና ድራማ እናስተላልፍ» ብለው መጡ። እረፍታችን 15 ደቂቃ ነው። «ይበቃችኋል?» አልኳቸው። ይበቃናል አሉ።

ጣጣው የመጣው ሚና ስናከፋፍል ነው። ሁሉም መብረር ይፈልጋል። የጋዜጠኛዋ ሚና የደረሳት የ7ኛ ክፍል ልጅ አኮረፈች። «ቲቸር፣ እሷ እኮ ምንም አትሠራም። ዝም ብላ ትጮሃለች» አለችኝ። እውነቷን ነበር። በስክሪፕታችን ላይ ጋዜጠኛዋ አራት መስመር ብቻ ነበራት፤ ሦስቱ «እርዱኝ!» ነው።

በድሮው የሱፐርማን (የሚበረው የኮሚክ ጀግና) የራዲዮ ድራማ ጋዜጠኛዋን ስለተጫወተችው ስለ ጆአን አሌክሳንደር ማንበብ የጀመርኩት በዚህች ልጅ ኩርፊያ ምክንያት ነው። ጆአን እ.ኤ.አ. በ1915 በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ተወለደች። የሱፐርማን የራዲዮ ድራማ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1940 ሲጀመር የጋዜጠኛዋን የሎይስ ሌንን ሚና የያዘችው ሌላ ተዋናይት ነበረች። ከዚያ ሁለተኛ መጣች። ጆአን ሦስተኛዋ ነች፤ እሷ ከገባች በኋላ ግን ድምፁ የሷ ሆኖ ቀረ። ድራማው እስከ 1951 ዘለቀ፤ ከ2,000 በላይ ክፍሎች ተላለፉ። አብዛኛው ዘመኑን የአንዱ ክፍል ርዝመት ስንት እንደነበር ገምቱ። 15 ደቂቃ! ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ከኔ በላይ ደስ አላቸው።

አሁን ነገሩን አስቡት። ኮሚክ ላይ ሥዕል አለ፤ ሰውየው ሲበር ይታያል። ራዲዮ ላይ ምን ይታያል? ምንም። ሱፐርማን ሲነሳ «ወደ ላይ!» እያለ የሚጮኸው አድማጩ መነሳቱን እንዲያውቅ ነው። ግን ጀግናው ራሱ «እዩኝ፣ መኪና ተሸክሜያለሁ» ቢል ያስቃል። ተራኪም ነበር፤ ተራኪ ግን አይደነግጥም። አጠገብ ቆሞ የሚያይ፣ የሚደነግጥ፣ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው ያስፈልጋል። የሰውየውን ጉልበት የምንሰማው በሎይስ ድምፅ ውስጥ ነው።

ይህን ለልጅቷ በማግስቱ ነገርኳት። ፊቷ አልተፈታም። ስለዚህ አርብ ከሰዓት ክበቡን በሙሉ አይሲቲ ክፍል አስገባሁና እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣውን የመጀመሪያውን የሱፐርማን ካርቱን አሳየኋቸው። ፍላይሸር ስቱዲዮ የሠራው ነው፤ ለኦስካር ታጭቶ ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ 1943 ድረስ ሌሎች 16 ተከትለዋል። ጆአንም የራዲዮዋን ሎይስ ይዛ ወደነዚህ ካርቱኖች ገብታለች። በመጀመሪያው ላይ ሎይስ አለቃዋን ዜናውን ብቻዬን ልሥራው ብላ ትጠይቃለች። በአውሮፕላን ሄዳ እብዱ ሳይንቲስት እጅ ትወድቃለች። ወንዶቹ ያጨበጨቡት ሱፐርማን የመሣሪያውን ጨረር በቡጢ ሲመክተው ነው። የኔዋ ኩራፊ ግን ሌላ ነገር ነው ያየችው። «አውሮፕላኑን የምትነዳው እሷ ናት እንዴ?» አለች። አዎ፣ እሷ ናት። በዚያ ላይ መጨረሻው ላይ ጋዜጣው የሚወጣው በሷ ስም ነው። በማግስቱ ስክሪፕቱን ተቀብላኝ ወሰደች። ሲመለስ አራቱ መስመር ሃያ ሁለት ሆኗል።

የጆአንን ስም ካርቱኑ ላይ ፈልገን አጣነው። በዚያን ጊዜ የድምፅ ተዋናዮችን ስም መጻፍ ልማድ አልነበረም። ሱፐርማንን የሚጫወተው ባድ ኮሊየር እንኳ እስከ 1946 ማንነቱ ሳይገለጽ ነው የቆየው። ልጆቹ ይህ በጣም አበሳጫቸው፤ ከዚያ ወዲህ በየድራማችን መጨረሻ የሁሉም ስም ይነበባል። የቆርቆሮ መቺው ሳይቀር። (ነጎድጓዱ እሱ ነው።)

ከኮሊየርም አንድ ነገር ሰርቀናል። ክላርክ ኬንት (ሱፐርማን ማንነቱን ደብቆ ተራ ሰው መስሎ ሲኖር ስሙ ይህ ነው) ሆኖ ሲናገር ድምፁን ቀጠን ያደርገዋል፤ ወደ ሱፐርማን ሲለወጥ እዚያው ዓረፍተ ነገር መሃል ወፍራም ይሆናል። የኛ ጀግና የ8ኛ ክፍል ልጅ ነው። ጥር ላይ ድምፁ ይጎረንን ጀመር። አንዴ ይቀጥናል፣ አንዴ ያጓራል፤ ልጁ በሃፍረት ሊሞት ደረሰ። እኛ ግን ጊዜውን ተጠቀምንበት። ቀጭኑ ለተራው ሰው፣ ጎርናናው ለጀግናው። መጋቢት ላይ ቀጭኑ ጨርሶ ጠፋና ሌላ ዘዴ ፈለግን።

ታሪኩንም ያገኘነው ከዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ሱፐርማን ራዲዮ ላይ 16 ክፍል ሙሉ የተዋጋው የአሜሪካ ዘረኞችን ቡድን ኩ ክለክስ ክላንን የሚመስል፣ ፊቱን ሸፍኖ አንድን የቻይና ተወላጅ ቤተሰብ የሚያሳድድ ቡድን ነው። ልጆቹ በእኛው ግቢ አደረጉት። ከክፍለ ሀገር የመጣ ልጅ በአነጋገሩ ይሾፍበታል፤ ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ጋዜጠኛዋ ታጣራለች። አንዳንድ ተማሪዎች ሲሰሙ አንገታቸውን ደፍተው እንደነበር አይቻለሁ። ስም አልጠራም።

ጆአን ስለ አንድ ጠበቃ በሚተርከው በፔሪ ሜሰን የራዲዮ ድራማ የጸሐፊው የዴላ ስትሪት ድምፅም ነበረች። ከሁሉ የገረመኝ ግን እ.ኤ.አ. የ1966ቱ ነው። የአሜሪካው ቴሌቪዥን ሲቢኤስ አዲስ የሱፐርማን ካርቱን ሲጀምር እሷም፣ ኮሊየርም፣ ተራኪው ጃክሰን ቤክም ተጠርተው ተመለሱ። ዕድሜዋ 51 ነበር፤ ሎይስ ግን ያችው ወጣት ጋዜጠኛ። የኛ ልጅ ከጥር እስከ መጋቢት እንኳ አንድ ድምፅ ማቆየት አልቻለም! ጆአን ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ2009፣ በ94 ዓመቷ ነው።

የቀረጻ ክፍላችን ከላይብረሪው ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ነበረች። ማሚቶውን ለመቀነስ ግድግዳው ላይ ሁላችንም ጃኬታችንን ሰቀልን። ማይኩ ላይ ካልሲ አለበስንለት (የታጠበ)። ወረቀት ሲገለበጥ እንዳይንኮሻኮሽ እያንዳንዱን ገጽ ካርቶን ላይ ለጠፍን።

ግንቦት ላይ የመጨረሻውን ክፍል በቀጥታ አስተላለፍን። እኔ ውጭ ሜዳው ላይ ነበርኩ። ጀግናው የሚነሳበት ቦታ ደረሰ። ጋዜጠኛዋ መጀመሪያ ምንም አላለችም፤ ትንፋሿ ብቻ ነው የተሰማው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ላይብረሪው ጣሪያ ላይ ነው… አያችሁት?» አለች። ኳስ የሚጫወቱት የ2ኛ ክፍል ልጆች ኳሱን ትተው ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። የበሩ ጥበቃችን ጋሼም ቀና አሉ። እኔም፣ ስክሪፕቱን በእጄ የያዝኩት ሰውዬ፣ ቀና አልኩ። ጣሪያው ላይ አንድ እርግብ ነበረች።

ለሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ማይክ ያስፈልገናል። የነጎድጓዱን ቆርቆሮ ሳንጠይቅ የወሰድነው ከአጥሩ እድሳት ላይ ነው። መልሰነዋል፤ ትንሽ ተጣሟል።