ፈጣሪን ለምን ምስክር ይጠሩታል?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለሥልጣን «የወሰንኩት ፈጣሪ መርቶኝ ነው» ሲል ደስ አይለኝም። ጸሎት ጠልቼ አይደለም፤ እኔም ከማርቆስ ደጅ አልጠፋም። ግን ነገሩ ሲበላሽ ማንን ልንጠይቅ ነው?

በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሡ ቅዱስ፣ ሥልጣናቸውም የማይገሰስ ነበር። ሆኖም በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብሩን አልቀበልም ብሎ ተነሣ። ጦር ዘመተበት፣ በአውሮፕላንም ተደበደበ። በኋላ ጠቅላይ ገዥው ከቦታቸው ተነሡ። ያ ገበሬ እኮ ጾሙን የሚጾም፣ ታቦቱን የሚያነግሥ ነው። ሙግቱ ከግብሩ ጋር እንጂ ከእግዜር ጋር አልነበረም።

ዛሬ ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። ሹሙ ቤቱ ይጸልይ። መድረክ ላይ ግን በጀቱንና ጥናቱን፣ ማን እንደመከረውም ይንገረን። ስለ ማዳበሪያ ሲጠየቁ ወደ ሰማይ ማንጋጠጥ ምን የሚሉት መልስ ነው?

አንድ አንባቢ
ከደብረ ማርቆስ፣ ጎጃም