ለዶሮ ማነቂያ ጎረቤቶቼ፦ የዘገየ ምስጋና

ይህን ምስጋና በየቤታችሁ እየዞርኩ በአፌ ልናገረው ነበር ያሰብኩት። ግን በ2016 ፒያሳ የነበረው ሠፈራችን ከፈረሰ ወዲህ የማንኳኳው በር የለም። ገላን ጉራ የገባ አለ፣ ዘመድ ጋ የተጠጋ አለ፣ ስልኩን የቀየረ አለ። እኔም የምሠራበት ሥጋ ቤት ሲነሳ ወደ አራት ኪሎ መጣሁ። ስለዚህ እዚህ እጽፋለሁ። ያየ ላላየ ይንገርልኝ።

አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ “ቦረናው” በሚለው ስም ነው። ነጭ ጋዋን ለብሼ ቢላ እየሳልኩ ጠዋት ጠዋት ሰላም የምላችሁ ቆራጭ።

ለማያውቁኝ ባጭሩ ልናገር። የኛ አገር ቦረና በዓመት ሁለት ጊዜ ነው ዝናብ የሚጠብቀው። ትልቁ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይጥላል። ትንሹ፣ ሀገያ የምንለው፣ መስከረም ካለቀ በኋላ ይመጣል። ከ2013 ሀገያ ጀምሮ አምስት ወቅት ተከታትሎ ቀረ። ባለሙያዎች በ40 ዓመት ያልታየ ድርቅ ነው አሉ። ላ ኒና የሚሉት የውቅያኖስ መቀዝቀዝ ሦስት ዓመት ተደራርቦ ስለመጣ ነው ተባለ። በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሶማሊያ ከ9 ሚሊዮን በላይ የቤት እንስሳት አለቁ። እናቴ 34 ከብት ነበራት። ጥር 2015 ላይ አምስት ቀሯት።

የዚያን ቀን ወንድሜ ደወለ። “ማንሳት ጀምረናል” አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ከብት ሲራብ ሌሊት ከተኛበት ጠዋት በራሱ መነሳት ያቅተዋል። አራት አምስት ሰው ሆኖ፣ አንዱ ቀንዱን፣ አንዱ ጅራቱን፣ ሌላው ከሆዱ ሥር ይዞ ያቆመዋል። ከቆመ ያን ቀን ይውላል። ነገ ደግሞ ያነሱታል። አንድ ቀን ቢያነሱትም እግሩ አይዝም። “ማንሳት ጀምረናል” ማለት የቀረው የቀናት ጉዳይ ነው ማለት ነው።

ቡና የምታፈዪው እህቴ፣ መጀመሪያ አንቺን ነው የማመሰግነው። ጓሮ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ አየሽኝ። ምን ሆንክ አላልሽኝም። ስኒ አቀበልሽኝና አጠገቤ ቁጭ አልሽ። የነገርኩሽ ሁለተኛውን ስትቀጂልኝ ነው። ማታ ላይ ሠፈሩ ሁሉ ሰምቶ ነበር።

የእድራችን ዳኛ ጋሼ፣ እሑድ ዕለት ስብሰባው ላይ ጉዳዬን አነሱልኝ። አንድ ሰው፣ “ስንት ሰው በተራበበት አገር ለከብት ሳር ይላካል ወይ?” ብሎ ጠየቀ። አልተቀየምኩትም። ከተማ ላደገ ሰው ጥያቄው ትክክል ነው። እርስዎ ወደ እኔ ዞረው፣ “ተነስና ንገረን፣ የምታውቀው አንተ ነህ” አሉኝ። ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

የማውቀውን ተናገርኩ። ላም ለኛ ወተት ብቻ አይደለችም። ባንካችን ናት። የልጅ ደብተር፣ የታመመ ሰው መታከሚያ፣ የሠርግ ወጪ ከእሷ ነው። ወንድሜ አንድ በሬ ዱቡልቅ ገበያ ወስዶ ዋጋ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ዋለ። ሲመልሰው መንገድ ላይ ወደቀበት። እህሉ ግን በየሳምንቱ ይወደዳል። ሰዉ የጎጆውን ክዳን ሳር እየመዘዘ ለጊደር ያበላ ነበር። ዛሬ ዱቄት ብትልኩልን ለወር እንበላለን፣ እግዜር ይስጥልን። ጊደሯ ከሞተች ግን ለዓመታት ዱቄት ለማኝ ነን። ይህን ብዬ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ኪሱ የገባው ያ ጥያቄ የጠየቀው ሰውዬ ነው። ደብተሩ ላይ አንደኛው ስም የእሱ ነው። ወንድሜ፣ የትም ሁን፣ ይህን እንድታውቅ እፈልጋለሁ።

እንጀራ የሚሸጡት እትዬ፣ የእርስዎን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። የዚያ ሳምንት የእቁቡ ዕጣ ለእርስዎ ወጣ። አዲስ ምጣድ ሊገዙበት ወራት የጠበቁት ብር ነበር። በጋዜጣ ጠቅልለው ሥጋ ቤት ይዘውት መጡ። “አንተ ውሰደው፣ እኔ በመጨረሻው ዙር እወስዳለሁ” አሉኝ። እምቢ አልኩ። ያኔ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ “እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። በ77 እናቴ ቤቷን ጥላ የወጣችው ላሟ የሞተች ዕለት ነው” አሉኝ። ብሩን ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ስንት ዓመት ከእርስዎ እንጀራ ስገዛ ይህን አላውቅም ነበር።

በዚያ ብርና በእድሩ መዋጮ ሱሉልታ ሄደን ድርቆሽ ገዛን። ሊስትሮ የሚሠሩት ልጆች ጭነው ጭነው አንዲት ሳንቲም አልተቀበሉኝም። የአይሱዙው ሹፌር ወንድሜ፣ ነዳጁን ብቻ አስችለህ እስከ ያቤሎ 570 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚያም አልፈህ እስከ ዱቡልቅ ነዳህ። ዲላ ላይ ጎማ ፈንድቶብህ በራስህ ገንዘብ እንዳስጠገንክ የሰማሁት ቆይቶ ከሌላ ሰው ነው።

እኔ የሄድኩት ሁዳዴ ሲገባ ነው። ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ ስለነበር አሠሪዬ ሂድ አለኝ፣ ለመንገድም ጨመረልኝ። ዱቡልቅ የተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ፣ በላስቲክ ቤቶቹ መካከል፣ አጎቴን አገኘሁት። ቢጫ ጄሪካን ይዞ የውሃ ቦቴ ይጠብቃል። ፊቱን በፎጣ ሸፍኗል። ለፀሐዩ መስሎኝ ነበር። ስጠራው ፎጣውን ይብስ ወደ ታች ሳበው።

እኛ ጋ ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ነገር አለ። ከብቱ ላለቀበት ሰው ጎሳው ላም እያዋጣ መልሶ ያቋቁመዋል። ልመና አይደለም፣ ሥርዓት ነው። አጎቴ በዚህ ሥርዓት ለስንቱ ላም ሰጥቷል። አሁን ግን ሰጪውም ተቀባዩም አንድ ሰልፍ ላይ ቆሙ። የሁሉም ከብት አንድ ላይ ሲያልቅ ማን ለማን ያዋጣል? እኔ ያን ዕለት የገባኝ ይህ ነው። ጎሳዬ የሚያዋጣው ባጣ ጊዜ ያዋጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ። ለእናቴ ስነግራት፣ “ታዲያ የየትኛው ጎሳ ናቸው?” አለችኝ። የዶሮ ማነቂያ ናቸው አልኳት። እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የምትጠራችሁ።

ዝናቡ መጋቢት ላይ መጣ። ሌሊት ነበር። ላስቲኩን ሲመታው መጠለያው በሙሉ ወጣ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይጠጡት ነበር። ጠዋት ግን ሌላ ሐዘን ጠበቀን። ሥጋው ያለቀ ከብት ብርድ አይችልም። በየቦታው ተኝተው ቀርተዋል። ከእናቴ አምስት ሁለቱ እዚያው አደሩ። ሦስቱ ቆመው ነበር። አንዷ ጊደር ከአፏ ጥግ የሱሉልታ ድርቆሽ ተንጠልጥሎ አየሁ። ስልኬ ባትሪ ስለጨረሰ ፎቶ ማንሳት አልቻልኩም እንጂ ለእናንተ ልልከው ነበር።

መምህርቷ እህቴ፣ አንቺንም አልረሳሁም። የወንድሜ ልጅ ትምህርቷን ከ6ኛ ክፍል ያቋረጠችው ውሃ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ስለሚወስድ ነው። በኋላ ደግሞ ሊድሯት መነጋገር ጀምረው ነበር፤ አንድ አፍ ቢቀንስልን ብለው። ቦርሳና ደብተር ከመላክሽ በላይ ወንድሜን ሦስት ጊዜ በስልክ ማናገርሽ ነው ያዳናት። እኔ አስተረጉም ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ “ይህች ሴት ሳትደክም እኔ ደከመኝ፣ እሺ በላት” አለኝ። ልጅቷ አሁን 9ኛ ክፍል ናት።

ሁሉም ተመለሰ አልላችሁም። ሦስቱ ከብቶች ዛሬ ሰባት ደርሰዋል። ወንድሜ አሁን ከላም ይልቅ ፍየል ይገዛል፤ ፍየል ቅጠል በልታ ትቆያለች ይላል። ከአብሮ አደጎቼ ብዙዎቹ ወደ ከብት እርባታው አልተመለሱም። አጎቴም እንደድሮው አይደለም። ሰው ፊት ብዙ አይቀመጥም።

ያቺ ጊደር ግን ወለደች። እናቴ ካለፈው ወር ጀምሮ ቅቤ ስታጠራቅም ቆይታ፣ የራሷ አልበቃ ሲላት ከጎረቤት ጨምራ፣ በባልዲ ላከችልኝ። “ለጎሳዬ አድርስ” ነው ያለችው። የእድሩ ደብተር እኔ ጋ ነው፤ 41 ስም አለበት። በየሩብ ኪሎው መዝኜ፣ በላስቲክ አስሬ፣ ስም ጽፌ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጫለሁ። እስካሁን 12 ሰው አግኝቻለሁ። እትዬ፣ የእርስዎ ስልክ አይሠራም። የሚያውቃቸው ሰው ይህን ካነበበ እባካችሁ ንገሩልኝ። የእርሳቸው ድርሻ አንድ ኪሎ ነው፣ እናቴ ለብቻው አስራ ነው የላከችው። ከአራት ኪሎ ሐውልት ብዙም አልራቅሁም፤ ቦረናውን ቆራጭ ብላችሁ ጠይቁ። ከረቡዕና ዓርብ በቀር ሁልጊዜ አለሁ።